ባለ ሦስት ክንፉ ስእለት

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ፣ ከመጀመሪያዋ ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ፣ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ የጣና ማዕበል ቀን ጠብቆ ከነጫማዬ ይውሰደኝ፤ ዓሣ በበላሁ ቁጥር እሾሁ ጉሮሮዬ ላይ ይቁም። እንዲያውም ቀንሻለሁ። ሁሉንም ብናገር ኖሮ የባሕር ዳር ሰው ቤቱን ቆልፎ ወደ ሞጣ በተሰደደ ነበር። ስለዚህ ያልተጻፈው ከተጻፈው ይበልጣል እያላችሁ አንብቡ።

የሽንብጥ ሰፈሩን ገድሉን የማያውቅ ሰው ባሕር ዳርን አያውቃትም። አሮጌ ብረት ነው የሚነግደው፤ ግን የሌላውን ሰው ንግድ አታስቡ። ከይፋግ እስከ ዳንግላ ያለ የተሰበረ ማረሻ፣ የወለቀ ሞተር፣ ነፋስ የገነጠለው ቆርቆሮ፣ የሁሉም ጉዞ የሚያልቀው በእሱ ግቢ ነው። የቁመቱን ነገር ተዉት፤ በር ሲገባ ጎንበስ ሲል ያየው ሰው ሁሉ ለትሕትና ይመስለዋል። አንድ ቀን የአይሱዙ ሞተር በግራ እጁ አንሥቶ በቀኙ ስልክ ሲያወራ ያዩት ሰዎች ሦስት ሺህ ይሞላሉ፤ የማያምን ሽንብጥ ሄዶ ይጠይቅ። ይህ ሁሉ ጉልበት ግን አንዲት ልጅ ፊት ሲደርስ መቆሚያ ያጣ ነበር።

ልጅቱ ሰብለ ወንጌል ናት፤ የዘጌው የመርጌታ ሀብተ ሥላሴ ልጅ። በዚያ ቤት ከሰባት ትውልድ ወዲህ ድጓ ያልተማረ ወንድ አልተወለደም ይባላል። እሷ ሴት ሆና ብትወለድ ድጓውን ትታ ፊዚክስ ተማረች፤ ያውም ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ የሚበልጣት ጠፍቶ። ከዚያ ጨረራ በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። ከገድሉ ጋር የተዋወቁት ገና ተማሪ ሳለች ነው። ከዩኒቨርሲቲው የተጣለ ብረት ሊገዛ መጣ፤ እሷ ቆማ ታስረክበው ነበር። ያን ቀን አንዱን ጎማው የወለቀ ጠረጴዛ አራት ጊዜ መዘነው። ምክንያቱ ጠረጴዛው እንዳይደለ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ችግሩ ምንድን ነው ትሉኛላችሁ። ገድሉ የባለ እጅ ልጅ ነው። አባቱ እስኪሞቱ ድረስ ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጡ ኖረዋል። ሀገሩ ማጭዱን እየገዛ፣ የቀጠቀጠውን እጅ ግን ሳይጨብጥ ይሄዳል። መርጌታም ክፉ ሰው አይደሉም። ገድሉን መንገድ ላይ ሲያገኙት ከሩቅ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው፣ እንደምን ዋልህ ልጄ ይሉታል። እጃቸው ግን ከጋቢያቸው ውስጥ አይወጣም። ሰባት ዓመት ሙሉ አልወጣም። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኮ ሁለት ጊዜ ተመልሷል።

ኔትወርክ ተዘግቶ በከረመበት ዓመት ሁለቱ በደብዳቤ ኖሩ። የአውቶቡስ ሾፌሮች ነበሩ የሚያመላልሱላቸው። እሷ በተሰመረ ነጭ ወረቀት ትጽፋለች፤ እሱ በሚዛን ደረሰኝ ጀርባ ይጽፋል። ከደብዳቤዎቹ አንዱን ሾፌሩ ሰርቆ ለሚስቱ አንብቦላት፣ ሚስትየው ለዘጠኝ ቀን እንጀራ አልቀመሰችም። ይህንን ከሾፌሩ አፍ ነው የሰማሁት።

* * *

በጥር መጨረሻ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ነጭ የመንግሥት መኪና ከገድሉ ግቢ ፊት ቆመ። ሰብለ ወንጌል ወረደች። ስምንት ወር አልተያዩም ነበር። ገድሉ እጁን በሱሪው ጠራርጎ ሊስቅ ጀመረ፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ከኋላዋ ፖሊስ ነበር። በእጇም ቢጫ መሣሪያ ይዛለች፣ እንደ ፌንጣ ጠ፣ ጠ፣ ጠ የሚል።

"ገድሉ" አለችው። ድሮ ገዴ ነበር የምትለው።

ጥያቄዋ አጭር ነበር። በመስከረም ወር አንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ግቢውን ሲዘጋ፣ ከሸጠው ብረት መካከል ቢጫ ምልክት ያለበት የእርሳስ ሣጥን ገዝተሃል ወይ አለችው። ምልክቱን በጣቷ አየር ላይ ሣለችው፤ መካከሉ ክብ፣ ዙሪያው ሦስት ክንፍ። ገድሉ ገዝቻለሁ አለ። ያን ሲል የእሷ ትከሻ ወረደ።

ከዚያ የሆነውን ነገረችው። ተቋራጮች የብረት ብየዳ ስንጥቅ እንዳይኖረው የሚመረምሩበት አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል ነገር አለች፤ በዚያ ሣጥን ውስጥ ትቀመጣለች። አትሸትም፣ አታቃጥልም፣ አትታይም። አጠገቧ የሰነበተ ሰው ግን መጀመሪያ ቆዳው፣ ቀጥሎ ደሙ ይበላሻል። ይህም ብቻ ቢሆን ደግ። ሣጥኑን የሚያፈላልጉ ሁለት ሰዎች ከተማ ገብተዋል። ያችን ፍሬ ከፈንጂ ጋር አስረው ሕዝብ መካከል ቢያፈነዷት፣ ፈንጂው የሚገድለው ጥቂት ሰው ነው። ብናኙ ግን በዘንባባው ላይ፣ በአስፋልቱ ላይ፣ በቅዳሜ ገበያው እህል ላይ ያርፋል።

"ቆሻሻ ቦምብ ይሉታል" አለች። "ባሕር ዳር ቤቱ ሁሉ እንደ ቆመ ሰው የማይኖርባት ከተማ ትሆናለች።"

በዚያች ሰዓት ዐሥራ ሦስት የዓለም መንግሥታት ዐይናቸውን ሽንብጥ ላይ ተክለው እንደ ነበር ከታመነ ምንጭ ሰምቻለሁ።

"ሸጥኸው?"

"አልሸጥሁትም።"

"ታዲያ የት ነው?"

ገድሉ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ለምን ዝም እንዳለ እናንተ እወቁት፤ እሷ ግን አላወቀችም። ያንን ሣጥን በመስከረም ሲያገኘው ምልክቱን አይቶ ደንግጦ ነበር። አንድ ክብ፣ ሦስት እኩል ክንፍ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሦስቱን ባለ ነጭ ጢም አረጋውያን፣ አንዱ ከአንዱ ሳይበልጥ፣ በአንድ ዙፋን ላይ ሲያይ ያደገ ሰው ያንን ምልክት ሥላሴ ካላለ ምን ሊል ኖሯል? አጠበው፣ ዘይት ቀባው፣ በአዲስ ነጠላ ጠቀለለው። በጀልበኛው በአብዱልወሃብ ጀልባ ጭኖ፣ ሴት ወደማትወጣበት፣ ስሙን ለደኅንነት ብዬ ወደማልጠራው የሥላሴ ደሴት ወስዶ ለገዳሙ ሰጠው። ሰው ስእለት የሚያገባው የለመነውን ካገኘ በኋላ ነው። ገድሉ ቀድሞ አገባ። የለመነውም አንድ ነገር ነው፤ መርጌታ ሀብተ ሥላሴ አንድ ቀን እጁን እንዲጨብጡት። ያ እስኪሆን ድረስ ስለ ስእለቱ ለሰው ትንፍሽ እንዳይል ምሏል።

"ፊቴን እያየህ ዝም ትላለህ?" አለች ሰብለ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ ያ ነው የባሰው። "አባቴ ስለ አንተ ያሉትን ሁሉ ሰባት ዓመት ስክድ ኖርሁ። ምነው አንድ ቀን ብታግዘኝ።"

መኪናው ሲዞር በመስኮቱ አየችው። ገድሉ በሕይወቱ ብዙ ነገር ተሸክሟል፤ እንደዚያች እይታ የከበደው ግን የለም።

* * *

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሰዎች ራሳቸው መጡ። ጥቁር መነጽር፣ ጥቁር ኮት፣ በዚያ ሙቀት። አንደኛው የወርቅ ጥርስ ነበረው፤ ሌላኛው በኪሱ ሰባት ፓስፖርት። ባለ ሦስት ክንፉን ሣጥን እንፈልጋለን አሉ። ገድሉ አላውቅም ሲላቸው ባለ ወርቅ ጥርሱ ፈገግ ብሎ፣ ግድ የለም፣ በጀልባ እንደ ተሻገረ ሰምተናል አለና ሄዱ።

ያኔ ገድሉ ቁጭ አለ። በዐይኑ የመጣበት ቦምቡ አልነበረም። አባ ወልደ ሐዋርያት ናቸው፤ የገዳሙ ዕቃ ቤት ጠባቂ፣ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው መነኩሴ። በጥምቀት ሰሞን መልእክት ልከውለት ነበር። ልጄ፣ ስእለትህን ከወንበሬ አጠገብ አድርጌዋለሁ፣ ዳዊት ስደግም ክርኔን አሳርፍበታለሁ ብለው።

ስእለቱን ቢናገር የለመነው ነገር ይቀርበታል። ባይናገር አባ ይሞታሉ፤ ከዚያም ከተማው። ገድሉ እንደዚያ ዓይነት ሂሳብ ለማሰብ ረጅም ጊዜ አይወስድም። የሚዛን ደረሰኝ ገለበጠና ጻፈ።

ሰብለን ከሐይቁ ዳር፣ ከሾላው ዛፍ ሥር፣ መሣሪያዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አገኛት። ወረቀቱን ሰጥቷት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቆመ። እንዲህ ይላል፤ ቃል በቃል ነው፤

"ሰብልዬ፣ ይህን ስጽፍ ስእለቴን ማፍረሴ ነው። ምልክቱ የሥላሴ መስሎኝ ሣጥኑን ለደሴቱ ሥላሴ ሰጥቼዋለሁ። የሰጠሁትም አባትሽ እጄን እንዲጨብጡኝ ነው። አሁን አፍርሼዋለሁና እንደማይጨብጡኝ አውቃለሁ፤ አንቺንም እንደማጣሽ። ግን አባ ወልደ ሐዋርያት ክርናቸውን አሳርፈውበታል። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልችልም። ገድሉ።"

አንዴ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜ ስታነብ ፊደሎቹ በእንባዋ ሟሙ።

"አንተ ሞኝ" አለች። "እሱ የሥላሴ ምልክት አይደለም። ሽሽ የሚል ምልክት ነው።"

"እኔ ደግሞ ተሳልሜዋለሁ" አለ ገድሉ።

ሳቋና ልቅሶዋ አንድ ላይ መጣ። ከዚያ ተነሣችና፣ ቁም፣ አትንቀሳቀስ አለችው። መሣሪያውን ከእግሩ ጫፍ ጀምራ ቀስ እያለች ወደ ላይ ወሰደችው። በጉልበቱ በኩል ጠ አለ፤ በእጆቹ በኩል ትንሽ ቆይቶ ጠ። ደረቱ ላይ ሲደርስ ግን መሣሪያው አበደ፤ መርፌው ዞሮ ዞሮ ብርጭቆውን ሊሰብር ደረሰ። ሰብለ መሣሪያውን አጠፋችው፤ መዳፏን ግን ከዚያ ቦታ አላነሣችም። ከሐይቁ ላይ የነበሩ ፔሊካኖች አንገታቸውን ወደ ሌላ በኩል አዞሩላቸው።

* * *

በማግሥቱ ጠዋት ጣና እንደ መስተዋት ነበር። አብዱልወሃብ ጀልባውን አስነሣ። ሰውዬው ወይ አይስቅ ወይ አያወራ፤ አባቱም አያቱም እዚያው ውሃ ላይ ነው የኖሩ። ከኋላቸው ዐሥራ ሁለት የኮማንዶ ጀልባ፣ ከላይ ሄሊኮፕተር፣ ከውሃው በታች ምን እንደ ነበረ ግን እንዳልናገር ተነግሮኛል።

ደሴቱ ሲደርሱ ሰብለ ከወደቡ ድንጋይ ላይ ቆመች። ከዚያ በላይ ሴት አትረግጥም። ኮማንዶዎቹም አልወጡም፤ ምክንያቱም አንድ ወጣት መነኩሴ ወርዶ የገዳሙን ሥርዓት ነገራቸው። ስእለት ወደ ዕቃ ቤት ከገባ የሚወጣው በሰጪው እጅ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢመጣ፣ ደብዳቤም ቢይዝ፣ ማኅተምም ቢይዝ አባ ወልደ ሐዋርያት ቁልፉን አይሰጡም። ያም ማለት ገድሉ ብቻውን ይገባል።

ሰብለ ወደ እሱ ዞረች። ፊቷ የባለሙያ ፊት ነበር፤ አንገቷ ላይ ያለው ደም ሥር ግን ይመታ ነበር።

"ስማኝ። ሦስት ነገር ነው። ጊዜ፣ ርቀት፣ ከለላ። አትቆይበት። አትቅረበው። መካከላችሁ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይኑር።"

ገድሉ ዞሮ አያት።

"ሰባት ዓመት እኔና አንቺ እንደዚሁ አይደል የኖርን?" አለ። "ሳንቆይ፣ ሳንቀራረብ፣ መካከላችን አንድ ነገር እያለ።"

ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አብዱልወሃብ የሌለ ገመድ እንደሚፈታ ሰው አጎነበሰ።

አሁን የገድሉን ብልሃት እዩ። ከቤቱ ሲወጣ የአባቱን ጉጠት ይዞ ነበር፤ ባለ እጅ ከእሳት ውስጥ ብረት የሚያወጣበትን ረጅሙን መቆንጠጫ። ሀገር የናቀው ዕቃ ነው። ርቀት የሚባለውን ነገር ግን ከዚያ ጉጠት ቀድሞ ያወቀ ፊዚክስ የለም። ከወደቡ ላይ ደግሞ አንዲት የደንገል ታንኳ ነበረች፤ እሷን እንደ ቃሬዛ አድርጎ፣ አርባ ክንድ ገመድ አስሮ፣ በጫካው መንገድ ወደ ላይ ጎተታት።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ አባ ወልደ ሐዋርያት ክርናቸውን ሣጥኑ ላይ አድርገው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ገድሉ ከደጃፉ ሆኖ፣ አባቴ ይነሡ፣ ስእለቴን ልወስድ መጣሁ አላቸው። ሰጥተህ ትነሣለህ ልጄ፣ ምን አስቀየምንህ አሉት። ገድሉ እውነቱን ነገራቸው፤ ምልክቱ የሥላሴ እንዳልሆነ፣ እሱ እንደ ተሳሳተ፣ ስሕተቱ እሳቸውን እንዳይገድል። አባ ሲሰሙ ቆይተው ምርኩዛቸውን ያዙ። የሰጠኸው ሣጥኑን ሳይሆን ልብህን ነው፣ እሱ እዚሁ ይቀመጣል፣ እርሳሱን ውሰደው አሉና ወጡ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ገድሉና ሣጥኑ ናቸው። በጉጠቱ ያዘው። ክብደቱ መቶ ሃምሳ ኪሎ፣ አንዳንዶች ሁለት መቶ ይላሉ። ታንኳው ላይ አወረደውና ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ መጎተት ጀመረ። ምድር ተንቀጠቀጠ። ጉሬዛዎች ከዛፍ ወርደው በሰልፍ ቆሙ። ዘጠና ዘጠኝ መነኮሳት ከየዋሻቸው ወጥተው በአንድ ድምፅ ዜማ አነሡ። ገድሉ ግን ይህን አልሰማም። ያ የማይታየው ነገር በጀርባው በኩል እየገባ፣ በአጥንቱ ውስጥ ሲሄድ ይሰማው ነበር። ልጅ ሳይወልድ መሞቱን አሰበ። የሰብለን ስም ለሴት ልጁ ማውጣት ፈልጎ እንደ ነበር አሰበ። አልቸኮለም፤ ቢቸኩል ገመዱ ይበጠሳል። በዛፎቹ መካከል ሐይቁ ሲታየው፣ በሐይቁ ዳር ደግሞ እሷ ስትታየው፣ አሁን ብሞትም ደረስሁ አለ በልቡ።

ፊቱን ስታይ የሆነ ነገር ልትለው ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዝም አለች። ገድሉ ዝምታዋን እንደ ስንብት ወሰደው።

ታንኳውን ውሃ ላይ ገፍቶ ገመዱን ከጀልባው ኋላ አሰረ። አርባ ክንድ ርቀት፣ ውሃው ከለላ። አብዱልወሃብ ወደ ባሕር ዳር አቀና። ገና ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ነፋሱ ተነሣ፤ ማዕበሉ የጊዮርጊስን ጉልላት አከለ። ከውሃው ዳር ከበቀለው ደንገል ውስጥም አንዲት ፈጣን ጀልባ ተፈናጥራ ወጣች፤ ባለ ወርቅ ጥርሱና ባለ ሰባት ፓስፖርቱ። መንጠቆ ወርውረው ታንኳውን ያዙ። ገድሉ ከጀልባው ኋላ ቆሞ ገመዱን በሁለት እጁ ጨበጠ። ሁለት ሞተር በዚያ ወገን፣ አንድ ገድሉ በዚህ ወገን። ገመዱ እንደ በገና ክር ጮኸ። መዳፉ ተላጠ፤ አልለቀቀም።

ሰብለ ወንጌል ተነሣች። መሣሪያውን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ይዛ ቁልፉን አዞረችው። እስከ ጎርጎራ የተሰማ ጩኸት ጮኸ። እሷ ግን ድምጿን ሳታነሣ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ሰው፣ ክዳኑ ተከፍቷል አለቻቸው።

ሁለቱም ከነኮታቸው ውሃ ገቡ። የገቡበት ቦታ ጉማሬ ነበረበት። ጉማሬው ባለ ወርቅ ጥርሱን በጀርባው ተሸክሞ ወደ ኮማንዶዎቹ ጀልባ ወሰደው፤ አስረከበው፤ ተመልሶ ሄደ።

ገድሉ የተላጠ መዳፉን እያየ ቆመ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ባለ እጅ መባል ስድብ ያልመሰለው ያን ጊዜ ነው።

* * *

ወሬው ከጀልባው ቀድሞ ደረሰ። ወደቡ ላይ አርባ ሺህ ሰው ነበር። ሴቶች እልል ይላሉ፣ ባጃጆች ጥሩንባ ይነፋሉ። መከላከያ ልብስ ለብሰው የመጡ ባለሙያዎች ሣጥኑን ተረክበው ሄዱ። ገድሉ የመጣለትን ውሃ ሳይነካ ከሰው ርቆ ቆመ፤ ሰው እንዳይነካው ፈርቶ ነው።

ሕዝቡ መካከል መንገድ ተከፈተ። መርጌታ ሀብተ ሥላሴ ነበሩ። ነጭ ጥምጥም፣ ነጭ ጋቢ፣ ዣንጥላ። ከዘጌ በጠዋቱ ጀልባ መጥተው ከዚያ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆመው ነበር አሉ። ቀጥ ብለው ወደ ገድሉ መጡ።

"መርጌታ፣ አይቅረቡኝ" አለ ገድሉ። "ገና አልታጠብሁም።"

"ልጄ ደብዳቤህን አሳየችኝ።"

ገድሉ አንገቱን ደፋ። ትናንት ማታ ወደ ዘጌ የተሻገረችው ለምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባው።

"ስእለቴን አፍርሻለሁ" አለ። "ስለዚህ ከእርስዎ ምንም አልጠብቅም።"

መርጌታ ዣንጥላውን ጣሉት። ያ ዣንጥላ ከእጃቸው ወድቆ አያውቅም ይባላል።

"እጅህን አምጣ።"

"ይቅርብዎ፣ መርጌታ። አደራዎን። ያ ነገር አይታይም፤ እጄ ላይ ይኖራል።"

"እጅህን አምጣ አልሁህ።"

ገድሉ ሰብለን አያት፤ ባለሙያዋ እሷ ናት፣ አባቷን ታስቁም ብሎ። ሰብለ ግን እንባዋ እየወረደ ዝም ብላ ቆማለች። መርጌታ ሁለቱን እጆቻቸውን ከጋቢው አወጡ። የገድሉን የተላጠ፣ ደም ያለበት እጅ ያዙት፤ እንደ መጽሐፍ ገልጠው አዩት፤ ከዚያ ወደ ግንባራቸው ወሰዱት።

አርባ ሺህ ሰው ትንፋሹን ያዘ። ገድሉ ሰባት ዓመት ከሩቅ ያየው እጅ ሞቃት ነበር፤ እንደዚያ ይሞቃል ብሎ አስቦ አያውቅም።

* * *

ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በዘጌ ሆነ። ድንኳኑ ከጫካው ዳር እስከ ውሃው ይደርስ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያወራው ያንኑ ነው፤ ኮማንዶውን፣ ማዕበሉን፣ ጉማሬውን። ገድሉ ሙሽራ ሆኖ መካከል ተቀምጦ፣ እየሳቀ፣ እየቀላ ይሰማል። ሰብለ ወንጌል እጁን ከጠረጴዛው በታች ይዛ አልለቀቀችም። ከጣና ወዲህ እንደዚያ ያለ ደስታ አልታየም፤ ይህንንም ቀንሼ ነው።

መርጌታ ሀብተ ሥላሴ እንግዳ ሲቃኙ ቆይተው፣ ለእስላም ወንድሞች ለብቻ ወደ ተዘጋጀው ገበታ መጡና ከአብዱልወሃብ አጠገብ ተቀመጡ። በጀልባው አብሮ የነበረ ስለሆነ ከአፉ ሊሰሙት ፈልገው ነው።

"ጀልባውን የነዱት እርስዎ ነዎት አሉ" አሉት። "ያን ማዕበል እንዴት ወጡት?"

አብዱልወሃብ ጉርሻውን አላምጦ እስኪጨርስ ቆየ።

"ማዕበል አልነበረም መርጌታ። ቀኑን ሙሉ ረግቶ ነው የዋለ።"

"ኮማንዶዎቹስ?"

"አንድ ፖሊስ ነበር። ውሃ አልለመደም፤ ሲያስመልሰው ነው የሄድን።"

"ሁለቱ ሰዎችስ?"

"አውቃቸዋለሁ። የቆላ ድባ ሰዎች ናቸው፤ እርሳስ እየገዙ ለመረብ ማስመጫ ያቀልጣሉ። ሣጥኑን ሊገዙ ፈልገው ነበር። መንገድ ላይ አግኝተውን ሰላም አሉን፣ ሰላም አልናቸው።"

"ጉማሬ አላያችሁም?"

"ኧረ አላየንም።"

ከድንኳኑ መካከል እልልታ ተነሣ። እስኪያልፍ ጠበቁ። መርጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሣጥኑስ?"

"ባዶ ነበር" አለ አብዱልወሃብ። "በኋላ እንደ ተጣራው፣ ውስጡ የነበረችውን ፍሬ ተቋራጩ ድሮውኑ ለሸጠለት ድርጅት በወጉ መልሷታል፤ የቀረው ዕቃው ብቻ ነው። ሰብለ ያወቀችው ልጁ ሣጥኑን ጎትቶ ከጫካው ሲወጣ ነው። መሣሪያዋ አልጮኸም። ባዶ ነው አለችኝ። ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ፊቱን ስታይ ግን ተወችው።"

"እሱ አያውቅም ነበር?"

"አያውቅም። ዛሬም አያውቅም።"

መርጌታ ሁለቱን እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው አዩዋቸው።

"እንግዲያ ያን ቀን የጨበጥሁት እጅ ምን ነበረበት?"

"ዝገት" አለ አብዱልወሃብ።